ቶማስ ጄፈርሰን በፓሪስ፤ የአምስት ዓመት ኑሮውና ማዕዱ

በታሪክ ትምህርት ሰዓት የቶማስ ጄፈርሰን ስም በተነሣ ጊዜ ሁላችንም ቶሎ የሚታወሰን በ1776 ዓ.ም. የአሜሪካን የነጻነት ዐዋጅ የጻፈ፣ በኋላም የዚያች አገር ሦስተኛ ፕሬዚዳንት የሆነ ሰው መሆኑ ነው። ለፈተና የሚጠየቀውም ይኸው ስለ ሆነ ከዚህ አልፎ የሚሄድ ተማሪ ጥቂት ነው፤ እኔም እንደ ሌላው ተማሪ ነበርሁ። ይሁን እንጂ ይህ ሰው በቤቱ ውስጥ ምን ይበላ እንደ ነበረ፣ ልጆቹን እንዴት ያሳድግ እንደ ነበረ፣ ይልቁንም ምግቡን የሚያበስልለት ማን እንደ ነበረ የሚናገረውን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ያ በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ያየሁት ሰው ሌላ መልክ ያዘ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከ1784 እስከ 1789 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ስለ ኖረባቸው አምስት ዓመታት ለመናገር አስቤአለሁ። ዘመኑ ሁሉ የተቈጠረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

ጄፈርሰን በ1743 ዓ.ም. በቨርጂኒያ ተወለደ። ወላጆቹ ሰፊ መሬትና ብዙ ባሪያዎች ነበሩዋቸው። ሕግ ተምሮ ጠበቃ ከሆነ በኋላ ሞንቲቼሎ ብሎ በሰየመው ኰረብታ ላይ ራሱ በነደፈው ፕላን ቤት ሠራ፤ ማርታ የተባለች፣ ባልዋ የሞተባት ወጣት ወይዘሮም አገባ። ስድስት ልጆች ወለዱ። ከስድስቱ ሦስቱ በሕፃንነታቸው ሞቱ። በ1782 ዓ.ም. የመጨረሻይቱ ልጅ ከተወለደች ከጥቂት ወራት በኋላ ማርታ ራስዋ ሞተች። ጄፈርሰን ሦስት ሳምንት ያህል ከክፍሉ ሳይወጣ በኀዘን ተቀመጠ፤ በመጨረሻ በወጣም ጊዜ በፈረስ ሆኖ ጫካ ለጫካ ሲዞር የሚከተለው ሰው የዐሥር ዓመት ልጁ ፓትሲ ብቻ ነበረች። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሚስት ሳያገባ ኖረ።

በ1784 ዓ.ም. የአሜሪካ ኮንግሬስ ከቤንጃሚን ፍራንክሊንና ከጆን አዳምስ ጋር ሆኖ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር የንግድ ውል እንዲዋዋል ወደ ፓሪስ ላከው። በሚቀጥለው ዓመት ሽማግሌው ፍራንክሊን ወደ አገሩ ሲመለስ ጄፈርሰን በእርሱ ቦታ ሚኒስትር ሆኖ ቀረ። ሲነሣ ሁለቱን ትናንሽ ልጆች፣ ስድስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራትን ፖሊንና የሁለት ዓመትዋን ሉሲን፣ ለአክስታቸው አደራ ሰጥቶ ትልቂቱን ፓትሲን ይዞ ሄደ። ከእነርሱም ጋር ጄምስ ሔሚንግስ የሚባል የ19 ዓመት ወጣት ነበረ።

ይህ ጄምስ የጄፈርሰን ባሪያ ነው። እናቱ ኤልሳቤጥ ሔሚንግስ በሟቿ በወይዘሮ ማርታ አባት ቤት ባሪያ ነበረች፤ የጄምስም አባት ያው የቤቱ ጌታ እንደ ነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። እንግዲህ ጄምስ ለወይዘሮ ማርታ የአባት ወንድምዋ፣ ለፓትሲም አጐትዋ ነበረ ማለት ነው። ነገር ግን በዚያ አገር ሕግ የባሪያ ልጅ የእናቱን ዕጣ ይወርሳልና እንደ ሌላው ንብረት በውርስ ወደ ጄፈርሰን እጅ ገባ። ጄፈርሰን ይህን ወጣት ወደ ፈረንሳይ የወሰደበትን ምክንያት አልሸሸገም፤ የፈረንሳዮችን የምግብ ሥራ እንዲማርለት ነው።

በጁላይ 5 ቀን 1784 ዓ.ም. ከቦስተን በመርከብ ተነሥተው ሦስት ሳምንት በሚያህል ጊዜ እንግሊዝ አገር ደረሱ፤ ከዚያም ወደ ፈረንሳይ ተሻገሩ። ጄፈርሰን ፈረንሳይኛ መጻሕፍትን አሳምሮ ያነባል፤ ሲናገር ግን ምላሱ አይታዘዝለትም። ስለዚህ በወደቡ ላይ ተሸካሞቹ እንደ ልባቸው አስከፈሉት። ፓትሲ በኋላ ለወዳጅ እንደ ጻፈችው፣ ዕቃቸውን ከመርከብ እስከ ማረፊያ ቤት ለማድረስ የወጣው ገንዘብ በአገራቸው ከፊላዴልፊያ እስከ ቦስተን ለማጓጓዝ ከወጣው አያንስም ነበር። መንገዱ ያማረ፣ እርሻው የለመለመ ሆኖ ሳለ ሠረገላቸው በቆመበት ሁሉ ለማኞች ይከቡት ነበርና፣ አንድ ቀን ፈረስ እስኪለወጥ ድረስ ፓትሲ ዘጠኝ ለማኞች ቈጠረች። ፓሪስ ደርሰው ፍራንክሊንንና ሌሎችን ለመጐብኘት ከመውጣታቸው በፊት ልብስ ሰፊና ጠጕር ሠሪ ተጠራ። የቨርጂኒያው ልብስ ለፓሪስ አደባባይ አልሆነም።

ፓትሲ ፓንትሞን በሚባል የሴቶች ገዳም ውስጥ ባለው አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች። ትምህርት ቤቱ በፓሪስ ከታወቁት አንዱ ሲሆን የመሳፍንት ልጆች ይማሩበት ነበር። ልጅቱ በገባች ቀን አንዲት የፈረንሳይኛ ቃል አታውቅም፤ ከቤቱም እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው የለም። በአዳሪ ትምህርት ቤት የመጀመሪያውን ሳምንት ያሳለፈ አንባቢ ሁኔታዋን ለመገመት አይቸገርም። አባትዋ በመጀመሪያው ሰሞን እየተመላለሰ ይጠይቃት ነበር። ነገር ግን ሃምሳ ስድሳ የሚሆኑ ልጃገረዶች ከጧት እስከ ማታ የሚያወሩበት ቤት ከመምህር ይልቅ ያስተምራልና ብዙ ሳትቈይ ቋንቋውን ለመደች፤ ጓደኞችዋም የአባትዋን ስም አሳጥረው ጄፍ ይሏት ጀመር። ሥዕል፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ፒያኖ መሰል የሙዚቃ መሣሪያ ተማረች። አንድ ጊዜ የጥንቱን ሮማዊ የታሪክ ጸሐፊ የሊዊዮስን መጽሐፍ ያለ መምህር ማንበብ አቃተኝ ብላ ለአባትዋ ብትጽፍ፣ አሜሪካዊ ተስፋ አይቈርጥም፣ እኛ ከሱቅ የምንገዛውን ነገር ሁሉ ከራሳችን ራስና እጅ ማውጣት የለመድን ሰዎች ነንና ወደ ሥራሽ ተመለሽ ሲል ገሠጻት። ለልጆቹ የጻፈው ደብዳቤ ሁሉ ማለት ይቻላል እንደዚህ ያለ ነው፤ ፍቅሩን ከምክር ለይቶ መስጠት አይችልም ነበር።

በ1785 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ላፋዬት ከአሜሪካ ሲመለስ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ትንሺቱ ሉሲ በትክትክ ሞታለች። የሞተችው በጥቅምት ነው፤ አባትዋ የሰማው በጥር ነው። ጄፈርሰን ከዚያ ቀን ጀምሮ ፖሊን ሳላመጣ አላርፍም አለ፤ ነገሩ ግን ሁለት ዓመት ከግማሽ ያህል ፈጀ። የዚህን ምክንያት ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ አሁን ወደ ቤቱ እንግባ።

ከሁለት ማረፊያዎች በኋላ ጄፈርሰን በ1785 ዓ.ም. በሻንዜሊዜ መንገድ አጠገብ ኦቴል ደ ላንዣክ የተባለውን ቤት ተከራየ። በዚያ ዘመን ስፍራው የከተማው ዳርቻ ነበር። ቤቱ አዲስ፣ ሰፊና የአትክልት ቦታ ያለው ሲሆን አንድ ሚኒስትር እንደ ሌሎቹ አምባሳደሮች ሠረገላና አሽከር ይዞ እንግዳ እየጋበዘ መኖር ግዴታው ስለ ነበረ ደመወዙ 9000 ዶላር ሆኖ ሳለ እየጐደለው ይበደር ነበር። የቤቱን ወጪና አገልጋዮች የሚያዝዘው አድሪየን ፕቲ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ገበያ መሄድ፣ ሒሳብ መያዝ፣ ማዕድ ማሰናዳት የእርሱ ነበር።

በዚህ ባማረ ቤት የተቀመጠው ሰው ግን የአገሩን እሸት በቆሎ ናፈቀ። በፓሪስ የሚገኘው የበቆሎ ዘር ትልቅና ደረቅ ሆኖበት በአትክልቱ ቦታ ለመዝራት ከቨርጂኒያ ትንሹን ዘር እንዲልኩለት ጻፈ። እንዲሁም የስኳር ድንችና የሐብሐብ ዘር፣ በጭስ የደረቀ የአሳማ ታፋም አስመጣ። በመላው አውሮፓ ከታወቀው ማዕድ ፊት ተቀምጦ እሸት በቆሎ ያማረውን ሰው ሳስብ ከዐዋጁ ጸሐፊ ይልቅ ለእኔ የሚቀርበኝ ይህ ሰው ነው።

የሆነ ሆኖ የፈረንሳዮችን ማዕድ አልናቀም። እንዲያውም ለአንድ ወዳጁ ሲጽፍ በምግብ ነገር እኛን በብዙ ይቀድሙናል፣ ጣዕምን ከልክ ጋር ያስማማሉና፣ ከማዕድ ሲነሡም እንደ እንስሳ ሆነው አይነሡም ብሏል። በፈረንሳይ አገር ከድኾች መካከል ስንኳ ሰክሮ የታየ ሰው አላጋጠመኝም ማለቱ ትንሽ የተጋነነ ሳይሆን አይቀርም፤ ግን በቨርጂኒያ ባለ መሬቶች ግብዣ የለመደውን ስካር አስታውሶ የተናገረው ነው። በማዕዱ ዙሪያ አሽከሮች ቆመው የእንግዳውን ወሬ እንዳይሰሙ በእንግዶች መካከል ትናንሽ መደርደሪያ አስቀምጦ ሰው ሁሉ ራሱን የሚያስተናግድበትን ልማድ ከፓሪስ ወሰደና እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ያዘው።

በዚህ ጊዜ ጄምስ ሔሚንግስ ሥራውን እየተማረ ነው። መጀመሪያ ለጄፈርሰን ቤት ምግብ ያቀርብ ከነበረ ባለ ምግብ ቤት ዘንድ፣ ቀጥሎም ከጣፋጭና ከኬክ ሠሪዎች ዘንድ፣ በኋላም የንጉሡ ዘመድ የሆነው የኮንዴ መስፍን ምግብ አብሳይ ካለበት ከሻንቲዪ ቤተ መንግሥት ገብቶ ተማረ። የሚማረው ነገር ከለመደው ሁሉ የተለየ ነበር። በቨርጂኒያ ምግብ የሚበስለው በመሬት ላይ በሚነድ ሰፊ የእንጨት እሳት ላይ ድስቱ ተንጠልጥሎ ወይም ተጥዶ ነው። በፓሪስ ግን በጡብ የተሠራ፣ እስከ ወገብ የሚደርስ፣ ከላዩ ልዩ ልዩ የከሰል ጉድጓድ ያለው ምድጃ አለ። አብሳዩ ቀጥ ብሎ ቆሞ በአንደኛው ጉድጓድ ብዙ፣ በሌላው ጥቂት ፍም እያደረገ አንዱን ድስት ሲያንተከትክ ሌላውን ለብ አድርጎ ይይዛል። ቅቤና የእንቁላል አስኳል የሚገባበት ስልስ እሳቱ ጥቂት ቢያይል ይቋጠራልና ያለዚህ ምድጃ አይሆንም። ጄምስ ይህን ሁሉ የተማረው በማያውቀው ቋንቋ ሲሆን፣ በኋላ ከገዛ ገንዘቡ ከፍሎ የፈረንሳይኛ መምህር ቀጠረ። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ወጣት በፓትሲ ዕድሜ ትምህርት ቤት የላከው ሰው አልነበረም።

ፈረንሳይ ግን የግብዣ አገር ብቻ አልነበረችም። በ1785 ዓ.ም. መከር ላይ ንጉሡ ወደ ፎንቴንብሎ ለአደን ሲወርድ አምባሳደሮቹም ተከትለው ወረዱ። ጄፈርሰን ለብቻው በእግሩ ሲንሸራሸር አንዲት ድኻ ሴት በመንገድ አገኘና ስለ ኑሮዋ ጠየቃት። የቀን ሠራተኛ ናት፤ ሁለት ልጆች አሉዋት። በቀን የምታገኘው 8 ሱ ነው። የቤት ኪራይ በዓመት 30 ሊቭር ትከፍላለች፤ ይህም የ75 ቀን ሥራ ዋጋ ነው። ብዙ ቀን ሥራ አይገኝም፤ ሥራ ባልተገኘ ቀን እንጀራ የለም። ሲለያዩ 24 ሱ ቢሰጣት ሴትዮዋ መናገር አቅቶአት አለቀሰች። በዚያው ቀን ለጓደኛው ለማዲሰን ረጅም ደብዳቤ ጽፎ መሬት ሁሉ በጥቂት ሰዎች እጅ ሲያዝ፣ ያውም ለአደን ተብሎ ጦም ሲያድር፣ ድኻ የሚሠራበት እንደሚያጣ ዘረዘረ።

ለዚህ ነው በ1787 ዓ.ም. ወደ ደቡብ ፈረንሳይና ወደ ሰሜን ኢጣሊያ ሦስት ወር የሚያህል ጉዞ ባደረገ ጊዜ ዓይኑ ከሐውልትና ከቤተ መንግሥት ይልቅ በሰው ማዕድ ላይ የነበረው። ላፋዬት የገዛ አገሩን እንዲህ እንዲዞር ሲመክረው፣ ማንም ሳያውቅህ ወደ ድኻው ቤት ግባ፣ ድስቱን ክፈት፣ እንጀራውን ቅመስ፣ አልጋው ሻካራ መሆኑን ለማወቅም ጋደም በል የሚል ሐሳብ ጻፈለት። እርሱ ራሱ ያደረገው ይህንኑ ነው። በቡርጎኝ አውራጃ ቀይ ወይን ጠጅ በሚጠመቅባቸው በፖማርና በቮልኔ ሠራተኞቹ የስንዴ ዳቦ ሲበሉ አየ፤ ጐረቤት በሆነው በመርሶ ግን ነጭ ወይን ጠጅ የሚያወጡት ሰዎች የሚበሉት ከስንዴ ያነሰውን የአጃ ዳቦ ነው። ምክንያቱን ቢጠይቅ፣ ነጩ ወይን ጠጅ ብዙ ጊዜ እየተበላሸ ሳይሸጥ ስለሚቀር ባለ እርሻው ሠራተኛውን እንደዚያኛው ሊያበላ አይችልም አሉት። የቱ ወይን ጠጅ እንደሚሻል የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው፤ ያን ወይን ጠጅ የሚያወጣው ሰው ምን ዓይነት ዳቦ እንደሚበላ የጻፈ ግን ጥቂት ይመስለኛል።

ከኢጣሊያ ወገን ያለው ሩዝ በፓሪስ ገበያ ከአሜሪካው ይልቅ ለምን እንደሚወደድ ሊመረምር የአልፕስን ተራራ በበቅሎ ተሻገረ። ልዩነቱ ከመፈልፈያው መኪና ይሆናል ብሎ ነበር፤ መኪናው ግን እንደ አገሩ ያለ ሆኖ አገኘው። ያልተፈለፈለ የዘር ሩዝ ከዚያ አገር ማውጣት በሞት የሚያስቀጣ ሆኖ ሳለ፣ ይህ የሕግ ሊቅና ሚኒስትር የካፖርቱን ኪሶች ሞልቶ አወጣና ወደ ደቡብ ካሮላይና ገበሬዎች ላከው። ወይራም በዚያው ምድር ይበቅል እንደ ሆነ ብሎ ችግኝ አስላከ፤ አልሆነለትም እንጂ።

በዚህ ጉዞ ላይ ሳለ ከፓትሲ ደብዳቤ ደረሰው። አንድ የቨርጂኒያ መርከብ የባሕር ወንበዴዎችን ድል አድርጎ የማረካቸውን ሰዎች ወደ ቨርጂኒያ እንደ ወሰደ፣ በባርነትም ሊሸጡ እንደሚችሉ ሰምታ ተቈጥታ፣ ባሪያ አልበዛምን፣ ምነው ሁሉም አርነት በወጡ ብላ ጻፈች። ዕድሜዋ ገና 14 ነበር። አባትዋ ስለ ደብዳቤ አጻጻፍ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም ብዙ ጽፎላታል፤ ለዚህ ነገር የመለሰላት መልስ ግን አይገኝም።

አሁን ወደ ፖሊ ልመለስ። አባትዋ ከፓሪስ አሻንጉሊትና ብዙ መጫወቻ እሰጥሻለሁ ብሎ ቢጽፍላት፣ ልጅቱ በማያወላውል ቃል አልመጣም፣ ከአክስቴ ዘንድ እቀራለሁ ብላ መለሰች። ምክርም ልመናም አልበገራትም። በመጨረሻ በ1787 ዓ.ም. የአክስትዋን ልጆች መርከብ ላይ አውጥተው ከእርስዋ ጋር አንድ ሁለት ቀን ሲያጫውቱአት ሰነበቱና እንቅልፍ ሲወስዳት ሁሉም ቀስ ብለው ወረዱ። ስትነቃ መርከቡ በባሕር ላይ ነበር። አብራት የተላከችው የጄምስ ታናሽ እኅት ሳሊ ሔሚንግስ ስትሆን ዕድሜዋ 14 ነበር፤ ልጅ ልጅን እንድትጠብቅ መሆኑ ነው። ሎንዶን ሲደርሱ በዚያ የአሜሪካ ሚኒስትር የነበረው የጆን አዳምስ ባለቤት ወይዘሮ አቢጌል ተቀብላቸው ሁለት ሳምንት ያህል አኖረቻቸው። ፖሊ ለወይዘሮዋ ፈጽማ ተለማመደች። አባትዋ ግን ራሱ ሊወስዳት አልመጣም፤ ከደቡብ ጉዞ ገና መመለሱ ነበርና ሥራ በዝቶብኛል ብሎ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል የማያውቀውን ፕቲን ላከ። የስምንት ዓመት ልጅ፣ ሁለት ጊዜ ከለመደችው እቅፍ የተነጠቀች፣ ቋንቋዋን ከማያውቅ ሰው ጋር እንደ ገና ባሕር ተሻገረች። አቢጌል በዚህ ነገር ለጄፈርሰን የጻፈችለት ደብዳቤ በትሕትና የተሸፈነ ወቀሳ ነው፤ ለእኔም ወቀሳው የተገባ ይመስለኛል። ፖሊ በጁላይ 15 ቀን ፓሪስ ስትደርስ አባትዋን አላወቀችውም።

ከዚያ በኋላ ፖሊም ከእኅትዋ ጋር ፓንትሞን ገባችና፣ በዕረፍታቸው ቀን ሁለቱም ወደ አባታቸው ቤት እየመጡ የቤቱ ማዕድ የቤተ ሰብ ማዕድ ሆነ። በማድ ቤቱ አለቅነት የቆመው ደግሞ በዚያው ዓመት ትምህርቱን የፈጸመው ጄምስ ነው። ደመወዙ በወር 24 ሊቭር ነበር። የፈረንሳይ መሳፍንትና ሊቃውንት፣ በፓሪስ የሚያልፉ አሜሪካውያንም ሁሉ የበሉት እርሱ የሠራውን ነው። ከእርሱ እጅ የወጣ ተብሎ በጄፈርሰን የልጅ ልጆች የምግብ መጽሐፍ ከተመዘገበው አንዱ የበረዶ እንቁላል የተባለው ጣፋጭ ነው፤ የእንቁላሉ ነጩ ክፍል አረፋ እስኪሆን ተመትቶ በወተት ይበስላል፣ ከአስኳሉ በተሠራ ስልስም ላይ ይንሳፈፋል። በጄፈርሰን እጅ የተጻፈ የአይስ ክሬም አሠራርም እስከ ዛሬ አለ፤ ሁለት ጠርሙስ ክሬም፣ የስድስት እንቁላል አስኳል፣ ግማሽ ፓውንድ ስኳርና አንድ የቫኒላ ዘንግ ይገባበታል። የመኮሮኒን መሥሪያ መኪና ሥዕልም ነድፎ ጸሐፊው የነበረውን ዊልያም ሾርትን ከናፖሊ እንዲያመጣለት አዘዘው።

የ1788 ዓ.ም. ክረምት ግን በፓሪስ ታይቶ የማይታወቅ ብርድ ይዞ መጣ። በጁላይ የወረደው በረዶ አስቀድሞ አዝመራውን መትቶት ነበር። የሴን ወንዝ ረጋ፤ ውጭ ለሚያድረው ሕዝብ በየመንገዱ መገናኛ እሳት ይነድ ጀመር። ዳቦ ጠፋ። በዳቦ ጋጋሪ ደጅ ሰዎች ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፈው ለአንድ ሰው የተወሰነችውን ያህል ብቻ እየተቀበሉ ይሄዱ ነበር። ጄፈርሰን በኋላ ስለዚህ ክረምት ሲጽፍ፣ በታላላቅ ባለጸጎች ቤት ስንኳ ለእራት የተጠራ እንግዳ ዳቦውን ይዞ እንዲመጣ በመጥሪያው ላይ ይነገረው እንደ ነበረ ይተርካል። በሚቀጥለው በጋ ባስቲል ተሰበረ። በኦገስት 1789 ዓ.ም. ላፋዬት ስምንት የሚያህሉ የብሔራዊ ሸንጎ አባሎችን ይዞ ወደ ጄፈርሰን ቤት ለእራት መጣ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ድረስ ምግቡ ተነሥቶ ወይን ጠጁ በጠረጴዛው ላይ ቀርቦ፣ ንጉሡ ሕግ የመከልከል ሥልጣን ይኑረው ወይስ አይኑረው እያሉ ተከራከሩ። የሰውን መብት የሚናገረው የፈረንሳዮች ዐዋጅ የታወጀውም በዚያው ወር ነው። ያን የእራት ማዕድ ያሰናዳው ማድ ቤት አለቃው ጄምስ ነበረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጠየቅ ተገቢ ነው። በፈረንሳይ ምድር የረገጠ ባሪያ በፓሪስ ፍርድ ቤት ቢያመለክት አርነት ያገኝ ነበር። ጄፈርሰን ይህን ያውቃል፤ አንድ አሜሪካዊ በ1786 ዓ.ም. ስለ ገዛ ባሪያው ቢጠይቀው፣ ባሪያው ከጠየቀ ሕጉ ያስለቅቀዋል፣ ነገር ግን ሳይናገሩ ያስቀመጡ ሰዎች ማንም እንዳልነካቸው አውቃለሁ ሲል መልሶለታል። በ1788 ዓ.ም. የባሪያ ንግድን ለመቃወም በፓሪስ የተቋቋመው ማኅበር አባል እንዲሆን ቢጠየቅ ሐሳቡን ደግፎ ግን ሹመቴ አይፈቅድልኝም ብሎ ቀረ። ጄምስና ሳሊስ ለምን አላመለከቱም? እናታቸውና ወንድሞቻቸው እኅቶቻቸውም ሁሉ በሞንቲቼሎ ናቸው። ሳሊ የምትወልዳቸው ልጆች 21 ዓመት ሲሞላቸው አርነት እንዲወጡ ከጄፈርሰን ቃል ተቀብላ እንደ ተመለሰች ልጅዋ ማዲሰን በ1873 ዓ.ም. ተናግሯል። የእነዚያም ልጆች አባት ጄፈርሰን እንደ ነበረ ዛሬ አብዛኞቹ የታሪክ ጸሐፊዎች ይቀበላሉ።

በሴፕቴምበር 26 ቀን 1789 ዓ.ም. ጄፈርሰን ሁለቱን ልጆቹን፣ ጄምስንና ሳሊን ይዞ ከፓሪስ ወጣ። ለጥቂት ወራት ዕረፍት ሄዶ የሚመለስ መስሎት ነበር። አገሩ ሲደርስ ግን ጆርጅ ዋሽንግተን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አድርጎ እንደ ሾመው ሰማና ፈረንሳይን ደግሞ ሳያያት ቀረ። የፓሪሱ ዕቃ በኋላ በ86 ሣጥን ታሽጎ ተከተለው፤ ፕቲም በ1791 ዓ.ም. መጣለት። ቫኒላ በፊላዴልፊያ ስላልተገኘ ከፓሪስ 50 ዘንግ እንዲላክለት አዘዘ።

ጄምስ በኒው ዮርክና በፊላዴልፊያ ምግብ አብሳዩ ሆኖ አገለገለ። በ1793 ዓ.ም. ጄፈርሰን አንድ ወረቀት ጽፎ ፈረመለት፤ ይህን ሥራ ለማስተማር ብዙ ገንዘብ ወጥቶብኛልና ወደ ሞንቲቼሎ ሄደህ በአንተ ቦታ የሚተካ ሰው ካሠለጠንህ በኋላ አርነት ትወጣለህ የሚል ነው። ጄምስ ታናሽ ወንድሙን ፒተርን አሠለጠነ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ፈጀበት፤ በፌብሩዋሪ 5 ቀን 1796 ዓ.ም. አርነት ወጣ። ዕድሜው 30 ዓመት ነበር። የመንገድ ወጪ 30 ዶላር ተሰጥቶት ወደ ፊላዴልፊያ ሄደ። በ1801 ዓ.ም. ጄፈርሰን ፕሬዚዳንት በሆነ ጊዜ የቤተ መንግሥቱ ምግብ አብሳይ እንዲሆን በሌላ ሰው አማካይነት ጠራው፤ ጄምስ ግን ጌታዬ የነበረው ሰው የሥራውን ውል በራሱ እጅ ጽፎ ይላክልኝ አለ። ያ ደብዳቤ አልተላከም። በዚያ ዓመት በሞንቲቼሎ አንድ ወር ተኩል ያህል በደመወዝ ሠርቶ ወደ ባልቲሞር ተመለሰና፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በ36 ዓመቱ ራሱን ገደለ የሚል ወሬ መጣ። ጄፈርሰን ነገሩ እውነት እንደ ሆነ እንዲያጣራለት ሰው ጠየቀ፤ እውነት ነበር።

ጄምስ በ1796 ዓ.ም. ከሞንቲቼሎ ከመሄዱ በፊት በዚያ ማድ ቤት ያለውን ዕቃ ሁሉ በራሱ እጅ ጽፎ አስረከበ። ጽሕፈቱ ጥሩና የተስተካከለ ነው፤ ወረቀቱም እስከ ዛሬ ይገኛል። 19 የመዳብ ድስት ከ19 ክዳኑ ጋር ብሎ ይጀምርና፣ የዓሣ መቀቀያውን፣ የኬክ ቅርጹን፣ የቡና ጀበናውን፣ መጥበሻውን፣ ሙቀጫውንና ዘነዘናውን፣ የእንጨት ማንኪያውን ሳይቀር አንድ በአንድ ይቈጥራል።